ሃኩዊን ኤካኩ

ሃኩዊን ኤካኩ (1686–1769 እ.ኤ.አ.) በጃፓን የኖረ የዜን ቡዲዝም መነኩሴ፣ መምህር፣ ጸሐፊና ሠዓሊ ነበረ። የሪንዛይ ዜን ወገን ከተዳከመበት እንዲያንሰራራ ያደረገው እርሱ እንደሆነ ይነገራል፤ በዛሬዪቱ ጃፓን የሚገኙት የሪንዛይ መምህራን የትምህርት ሐረጋቸውን ወደ ላይ ሲቆጥሩ የሚደርሱት እርሱ ዘንድ ነው። በውጭው ዓለም ስለ አንድ እጅ ድምፅ በጠየቀው እንቆቅልሽ ይታወቃል። በትምህርቱ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ተመስጦና የዕለት ተዕለት ሥራ እንዴት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ነው።

ሃኩዊን በሥራና በሁካታ መካከል የሚደረግ ተመስጦ በጸጥታ ተቀምጦ ከሚደረገው እጅግ እንደሚበልጥ አስተምሯል። ይህን ያለው ጸጥታን ያልቀመሰ ሰው ስለነበረ አይደለም። በወጣትነቱ ከማንም በላይ ጸጥታን ፈልጎ፣ በእርሷም ታምሞ፣ በመጨረሻ ወደ ተወለደባት መንደር ተመልሶ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በገበሬዎችና በመንገደኞች መካከል የኖረ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጥያቄው መነሻ

ዜን የሚለው ቃል ከሳንስክሪቱ ድያና በቻይንኛው ቻን በኩል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ተመስጦ ማለት ነው። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ወገኑ ገና በቻይና ሳለ የእጅ ሥራን አልናቀም። በህንድ የነበሩት የቡድሃ መነኮሳት መሬት መቆፈር በሕጋቸው ስለተከለከለ የሚበሉትን የሚያገኙት ከምእመናን ምጽዋት ነበር። በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቻይናዊው ባይጃንግ ግን መነኮሳት ሁሉ፣ አበምኔቱም ጭምር፣ በየቀኑ እንዲሠሩ እንዳዘዘ ይነገርለታል። አርጅቶ ሳለ ደቀ መዛሙርቱ አዝነውለት መሣሪያዎቹን ቢደብቁበት፣ እስኪመልሱለት ድረስ እህል አልቀምስም ብሎ እንደነበር ይተረካል።

ስለዚህ ሃኩዊን አዲስ ነገር ፈጠረ ማለት ያስቸግራል። በእርሱ ዘመን ግን ይህ አሮጌ ትምህርት ተዘንግቶ ነበር። በቶኩጋዋ መንግሥት ሥር እያንዳንዱ ቤተሰብ በአንድ ቤተ መቅደስ እንዲመዘገብ ይገደድ ስለነበረ መነኮሳት ምእመን አጣለሁ የሚል ስጋት አልነበረባቸውም። ብዙዎቹ ሃሳብን ሁሉ ትቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል ብለው ያምኑ ነበር። ሃኩዊን ዕድሜ ልኩን በብርቱ የተቃወመው ይህንን አመለካከት ነው፤ በጽሑፎቹ እንዲህ ያሉትን መነኮሳት ሲሰድብ ምንም አይቆጥብም።

ልጅነት

ሃኩዊን በጥር 1686 ዓ.ም. በሱሩጋ ግዛት፣ በፉጂ ተራራ ግርጌ በምትገኝ ሃራ በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሪቱ ዛሬ በሺዙኦካ ክፍለ ሀገር የኑማዙ ከተማ አካል ናት። በዚያን ጊዜ ኤዶን (የዛሬዋን ቶክዮን) ከኪዮቶ ጋር በሚያገናኘው በታላቁ የቶካይዶ መንገድ ላይ ከነበሩት ማረፊያዎች አንዷ ስለነበረች፣ ነጋዴ፣ ወታደር፣ ተሳላሚና ለማኝ ሁሉ በእርሷ ያልፍ ነበር። ቤተሰቡም የመንገደኞች ማረፊያ ነበረው። የልጅነት ስሙ ኢዋጂሮ ይባላል። እናቱ የኒቺረን ወገን ተከታይ የሆነች ሃይማኖተኛ ሴት ነበረች።

በእርጅናው በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ እንደተረከው፣ ገና ሕፃን ሳለ ከእናቱ ጋር ሄዶ አንድ ሰባኪ ስለ ስምንቱ የእሳት ሲኦሎች ሲናገር ሰማ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እናቱ ልታጥበው ከሥሩ እሳት በሚነድበት ገንዳ ውስጥ ስታስገባው፣ የእንጨቱ መንጣጣትና የነበልባሉ ድምፅ ያንን ስብከት አስታወሰውና ቤቱ እስኪናወጥ ድረስ ጮኸ። ከሲኦል የሚያመልጥበትን መንገድ መፈለግ የጀመረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

በሌላ ጊዜ ደግሞ የአሻንጉሊት ትርኢት አየ። ታሪኩ የጋለ ብረት ድስት በራሱ ላይ ተደፍቶበት በጸሎት ኃይል ስለጸና ኒሺን ስለተባለ መነኩሴ ነበር። ልጁም በእምነት የጸና ሰው እሳት አይጎዳውም ማለት ነው ብሎ አሰበ። ጸሎቱን ለቀናት ደጋግሞ የእሳት መቆስቆሻ አግሎ በጭኑ ላይ አደረገ፤ በርግጥም ተቃጠለ። ጸሎት ብቻውን እንደማይበቃ ያወቀው በዚህ ጊዜ እንደሆነና መነኩሴ ለመሆን ቤተሰቡን መለመን እንደጀመረ ይነገራል።

ምንኩስናና ተስፋ መቁረጥ

በ15 ዓመቱ በዚያው በመንደሩ በሚገኘው በሾዪንጂ ቤተ መቅደስ መነኮሰና ኤካኩ የሚል ስም ተሰጠው። በቀጣዩ ዓመት ታላቅ ክብር ያለውን የሎተስ ሱትራ አነበበ፤ ነገር ግን አዘነ። መጽሐፉ ከጥቂት ቦታዎች በቀር የምሳሌ ክምችት ሆኖ ታየውና ይህ ታላቅ ከተባለ ተራ ተረቶችም ታላቅ ሊባሉ ይገባል ሲል አሰበ። ይህ ፍርዱ በ41 ዓመቱ እንደገና ያገኘዋል።

በ19 ዓመቱ ሌላ ጉዳት ደረሰበት። ያንቶው ስለተባለ የጥንት ቻይናዊ የዜን መምህር ሲማር፣ ያ ታላቅ ሰው በወንበዴዎች እጅ እንደተገደለና ሲሞት ያሰማው ጩኸት በጣም ሩቅ ድረስ እንደተሰማ አወቀ። እንዲህ ያለ ቅዱስ ራሱን ከወንበዴ ማዳን ካልቻለ፣ እኔ ተራው መነኩሴ ከሲኦል እንዴት እድናለሁ አለ። ተመስጦውን ተወና ወደ ቅኔና ወደ ሥዕል ዞረ፤ በሚኖ ግዛት ባዎ ከተባለ አንድ ሊቅ መነኩሴ ዘንድም ሄደ። ይህ ሰው በዕውቀቱ ቢደነቅም ጠባዩ ከባድ ነበረና ብዙ ተማሪ አይበረክትለትም ነበር።

በበጋ ወቅት መጻሕፍትን ከሳጥን አውጥቶ አየር ማስመታት የቤተ መቅደሱ ልማድ ነበር። ሃኩዊን በግቢው ተደርድረው ካያቸው መጻሕፍት አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ አነሣ። የገለጠው ገጽ ሺሽዋንግ የተባለ ቻይናዊ መነኩሴ ሌሊት በተመስጦ ላይ እንቅልፍ ሲጥለው ጭኑን በወስፌ ይወጋ እንደነበር ይናገራል። ወጣቱ በዚህ ተነካ፤ የቅኔውን ነገር ትቶ ወደ ተመስጦ ተመለሰ።

በ1707 መጨረሻ የፉጂ ተራራ ፈነዳ። ይህ ተራራው እስከ ዛሬ ድረስ ያደረገው የመጨረሻው ፍንዳታ ነው። ሃኩዊን በዚያ ጊዜ በሾዪንጂ ነበረ። ምድር ስትንቀጠቀጥ ሌሎቹ ሸሽተው ሲወጡ፣ እርሱ የሚጠቅም ሰው ከሆንኩ እተርፋለሁ በሚል ሐሳብ በአዳራሹ ተቀምጦ ቀረ። በኋላ ዘመን የሚያስተምረውን ላወቀ ሰው ይህ ድርጊት ግር ያሰኛል፤ ጎረቤት ሁሉ ሲጨነቅ እርሱ የራሱን ጽናት ሲፈትን ነበርና። በዚያ ዕድሜው ተመስጦ ለእርሱ ገና የግል ፉክክር ነበር።

የታካዳ ደወልና የኢያማ ሽማግሌ

በ1708 በኤቺጎ ግዛት ታካዳ በምትባል ከተማ በኤይጋንጂ ቤተ መቅደስ ሳለ፣ ለቀናት በተመስጦ ቆይቶ የቤተ መቅደሱ ደወል ከሩቅ ሲመታ ሰማ። በዚያች ቅጽበት ያ ሁሉ ጥርጣሬው እንደ በረዶ ተሰብሮ እንደረገፈ ጽፏል። ያንቶው በደህና አለ ብሎም ጮኸ ይባላል። ትዕቢቱ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ባለፉት 200 ወይም 300 ዓመታት እንደኔ ያለ ብርሃን ያየ የለም ብሎ ማሰብ ጀመረ።

ይህን ትዕቢት ይዞ በሺናኖ ግዛት በኢያማ አጠገብ በትንሽ ጎጆ ወደሚኖረው ወደ ዶክዮ ኤታን ሄደ። ሰውየው በሾጁ ሽማግሌነት የሚታወቅ፣ ከሹመትና ከታላላቅ ቤተ መቅደሶች የራቀ መምህር ነበር። ሃኩዊን ያየውን በጽሑፍ ሲያቀርብለት ሽማግሌው አፍንጫውን ይዞ ጠመዘዘው፣ በዋሻ የተቀበረ ሰይጣን እያለም ተሳለቀበት። በተገናኙ ቁጥር ይህንኑ ስድብ ይደግምለት ነበር። ስድቡ ትርጉም አለው፤ በራሱ ጉድጓድ ውስጥ ባገኘው ብርሃን ረክቶ የተቀመጠ ሰው ማለት ነው።

አንድ ቀን ሃኩዊን ለምጽዋት ወደ ከተማ ወጥቶ በአንድ ደጃፍ ቆመ። በጥያቄው ተውጦ ስለነበረ ከቤት ሂድ ሲሉት አልሰማም፤ የቤቱ ባለቤት በመጥረጊያ ራሱን መታው። ወድቆ ራሱን ሳተ። ሲነቃ መምህሩ የሰጡት ከባድ ጥያቄዎች ተፈትተውለት ነበር። ነገሩን ያዩ መንገደኞች እብድ ነው ብለው ሸሹ፤ እርሱ ግን እየሳቀ ተመለሰ። ሽማግሌው በዚህ ጊዜ አልሰደበውም። ሃኩዊን በዚያ የቆየው ስምንት ወር ያህል ብቻ ነበር፤ ዳግመኛም አልተመለሰም። እስኪሞት ድረስ ግን እውነተኛ መምህሬ የሚለው ይህንን ሽማግሌ ነበር።

የዜን በሽታ

ከኢያማ ከተመለሰ በኋላ የሃኩዊን ሕይወት ለሁለት ተከፈለ። በተመስጦ ሲቀመጥ ሁሉ ነገር ግልጽ ነው፤ ተነሥቶ ከሰው ጋር ሲነጋገርና ሥራ ሲሠራ ግን ያ ግልጽነት ይጠፋል። ጸጥታና እንቅስቃሴ ፈጽሞ አልተስማሙለትም። ይህንን በማየቱ ጥረቱን እጥፍ አደረገ፤ እንቅልፍና ምግብ ረሳ። ጥቂት ሳይቆይ ታመመ። ስለ ሕመሙ የሰጠው ዝርዝር እስከ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የሚጠቀስ ነው፤ ሳንባው እንደሚቃጠል፣ እግሮቹ በበረዶ እንደተነከሩ፣ ጆሮው ውስጥ ወንዝ እንደሚጮህ፣ ብብቱ በላብ እንደሚርስ፣ ዓይኑ ሁልጊዜ እንደሚያነባ ጽፏል። ፈሪና ድንጉጥ ሆነ። ይህ ሕመም የዜን በሽታ በሚል ስም ይታወቃል።

ሐኪሞች ስላልረዱት በኪዮቶ አቅራቢያ በሺራካዋ ተራሮች በዋሻ ወደሚኖር ሃኩዩ ወደተባለ ባሕታዊ መሄዱን ይተርካል። ባሕታዊው የሕመሙ ምክንያት ከልክ ያለፈ ተመስጦ እንደሆነ ነገረው። የሰውነቱ ሙቀት ወደ ራስ ስለወጣ ወደ ታች፣ ከእምብርት በታች ወዳለው ስፍራ መመለስ አለበት አለው። ካስተማረው ዘዴ አንዱ እንዲህ ነው። ሰውየው በአናቱ ላይ የዳክዬ እንቁላል የምታህል፣ መልካም ሽታ ያላት ንጹሕ ለጋ ቅቤ እንደተቀመጠች ያስባል። ቅቤዋ ቀስ እያለች ትቀልጣለች፤ ከራስ ወደ ትከሻ፣ ወደ ደረት፣ ወደ ሆድ ዕቃ፣ ወደ እግር እየወረደች ሕመምን ሁሉ ይዛ ትሄዳለች። ሃኩዊን ይህንን በመለማመድ እንደዳነ ጽፏል።

ሃኩዩ የተባለው ሰው በእርግጥ የነበረ ቢሆንም፣ የሞተው ሃኩዊን ጎበኘሁት ከሚልበት ከ1710 አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ታሪኩ በከፊል የሃኩዊን የድርሰት ችሎታ ውጤት እንደሆነ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ይሁን እንጂ ሕመሙን የፈጠረው አይመስልም፤ በ1757 ያሴንካና በሚባል መጽሐፍ ያሳተመው ይህ ታሪክ የተጻፈው ከመጠን በላይ በመቀመጥ ለታመሙ ተማሪዎቹ መድኃኒት እንዲሆን ነው። መጽሐፉ በጃፓን የጤና መጽሐፍ ሆኖ ለትውልዶች ተነብቧል።

ወደ መንደር መመለስ

ሃኩዊን ለጥቂት ዓመታት ከቦታ ቦታ ከተዘዋወረ በኋላ በሚኖ ግዛት በኢዋታኪ ተራራ ላይ ብቻውን መኖር ጀመረ። የተመኘው ኑሮ ይህ ነበር። በ1716 ግን ከቤተሰቡ አገልጋዮች አንዱ ተራራውን ወጥቶ አባቱ እንደታመመና የሾዪንጂ ቤተ መቅደስ ያለ ጠባቂ እንደቀረ ነገረው፤ የአባቱ ምኞትም ልጁ ተመልሶ ቤተ መቅደሱን እንዲይዝ ነበር። ሃኩዊን ወረደ።

ያገኘው ቤተ መቅደስ የፈረሰ ነበር። ጣሪያው ስለተከፈተ ሌሊት ኮከብ ይታያል፤ ሲዘንብ በአዳራሹ ውስጥ የዝናብ ልብስና ጫማ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። ንብረቱ በአበዳሪዎች እጅ ገብቷል። በ1717 የዚህ ፍርስራሽ አበምኔት ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በኪዮቶ ታላቁ የምዮሺንጂ ቤተ መቅደስ የማዕረግ ስም ሲሰጠው ሃኩዊን የሚለውን ስም ያዘ፤ ትርጉሙ በነጭ ውስጥ የተሰወረ እንደማለት ነው። ማዕረጉ ዝቅተኛ ነበር፤ ሲሞትም ከዚያ በላይ አልወጣም።

በ41 ዓመቱ፣ በ1726፣ አንድ ሌሊት የሎተስ ሱትራን ያነብ ነበር። ያ በ16 ዓመቱ የተረት ክምችት ብሎ የተወው መጽሐፍ ነው። የምሳሌዎችን ምዕራፍ ሲያነብ ከቤቱ መሠረት ሥር አንዲት ፌንጣ ደጋግማ ስትጮህ ሰማ። መጽሐፉ የመጻሕፍት ንጉሥ የተባለበት ምክንያት በድንገት ገባውና ጮኾ አለቀሰ። ከዚህ በፊት ያየው ብርሃን ሁሉ ስሕተት የተቀላቀለበት እንደነበረም ተረዳ። በዚያ ሌሊት የተረዳው ነገር ቀላል ነው፤ ሰው ብርሃን አይቶ እዚያው ላይ ከቆመ መንገዱን ስቷል፤ የቀረው ዕድሜ ሌሎችን ለመርዳት ነው። በቡድሃ ሃይማኖት ይህ የቦዲሳትቫ መንገድ ይባላል። ሃኩዊን በጽሑፎቹ ይህ ፍላጎት የሌላቸው ጠቢባንና ታላላቅ መነኮሳት ሁሉ በሰይጣን መንገድ እንደወደቁ የሚናገር አንድ የቆየ ታሪክ ደጋግሞ ያነሣል።

ከዚያ ቀን በኋላ 42 ዓመታት ኖረ፤ የታወቁት መጽሐፎቹ፣ ሥዕሎቹና ተማሪዎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል የእነዚህ ዓመታት ናቸው።

ስለ ተመስጦና ስለ ሥራ ያስተማረው

የሃኩዊን ትምህርት በይበልጥ የሚገኘው በደብዳቤዎቹ ነው። ከእነዚህ የታወቁት በ1749 የታተመው ኦራቴጋማ የሚባለው ስብስብ ናቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ የተጻፈው በሂዜን ግዛት የሃሱኖይኬ ገዥ ለነበረው ለናቤሺማ ናኦትሱኔ ነው። ገዥው የመንግሥት ሥራ፣ የፍርድ ጉዳይ፣ እንግዳና ሥነ ሥርዓት የማያልቅበት ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ተመስጦ ከፈለገ ሹመቱን ይተው ወይስ ተመስጦውን?

ሃኩዊን ሁለቱንም አልመከረውም። በሥራ መካከል የሚደረግ ተመስጦ በጸጥታ ከሚደረገው በማይነጻጸር መጠን ይበልጣል ሲል ጻፈለት። ማስረጃው የራሱ ሕይወት ነበር፤ በጸጥታ ብቻ የተለማመደ ሰው ሥራ ሲገጥመው ኃይሉ ሁሉ ይከዳዋል፣ እንዲያውም ፈጽሞ ካልተለማመደው ሰው የባሰ ፈሪ ይሆናል።

ምሳሌዎቹ ከገበያና ከመንገድ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ሰው ሕዝብ በሚጋፋበት መንገድ ሁለት ሦስት የወርቅ ገንዘብ ቢጥል፣ ሰው ያየኛል ወይም ግርግር ነው ብሎ ትቶት አይሄድም። ሰውን እየገፋ፣ ጎንበስ ቀና እያለ፣ እስኪያገኘው ይፈልጋል። ግርግሩ ፈላጊውን ካላስቆመው፣ የራሱን ልብ የሚፈልግ ሰው ጊዜ የለኝም ማለቱ ለወርቁ የሰጠውን ያህል ዋጋ ለልቡ አለመስጠቱ ነው። ስለ ሎተስ አበባም ተናግሯል፤ በውኃ ውስጥ የበቀለችው እሳት ሲቀርባት ትጠወልጋለች፤ በእሳት መካከል የፈነዳችው ግን እሳቱ በቀረባት ቁጥር ቀለሟና ሽታዋ ይጨምራል።

ለወታደሮች የሰጠው ግምት ከፍ ያለ ነበር። ሳሙራይ በሥራው ጸንቶ ቢለማመድ፣ መነኩሴ በመቶ ቀን የሚያገኘውን በሦስት ቀን ሊያገኝ ይችላል ብሏል። እዚህ ላይ ሃኩዊን ያጋነነ ይመስላል፤ አንባቢውም ገዥ ስለነበረ ማመስገኑ አይቀርም። የወታደሩን ሥራ ራሱን፣ ማለትም ሰይፉን፣ አልጠየቀም። ሆኖም ገዥዎችን ሁልጊዜ ያመሰግን ነበር ማለት አይደለም። በ1754 ለኦካያማ ገዥ በላከው ሄቢኢቺጎ በተባለው ረጅም ደብዳቤ የገዥዎችን ቅንጦት፣ ወደ ኤዶ ሲጓዙ የሚያስከትሉትን እጅግ ብዙ አጀብና ለዚህ ሁሉ ወጪ የሚጨመቀውን ገበሬ አንሥቶ በግልጽ ወቅሷል። ገበሬዎች የሚያምፁት ከአቅማቸው በላይ ሲገፉ እንደሆነም ጽፏል። የሃራ ነዋሪ ስለነበረ ይህን አጀብ በየጊዜው በደጁ ሲያልፍ ያየው ነበር። በእርሱ ዘንድ ለገዥ ተመስጦ ማለት ግብሩን መቀነስም ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ተቀምጦ መመሰጥን ተወ ማለት እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። በሾዪንጂ የነበሩት መነኮሳት ረጅም ሰዓት ይቀመጡ ነበር፤ ሰዎች በዜማ የሚደግሙት በተመስጦ ስለመቀመጥ የጻፈው መዝሙርም ዛሬ ድረስ በሪንዛይ ቤተ መቅደሶች ይዘመራል። የሃኩዊን ክርክር በመቀመጥ የተገኘው ነገር ሰው ሲነሣ የት ይሄዳል የሚል ነው። ለዚህም ሁለት ነገሮችን ሰጠ። አንደኛው ትንፋሽን ከእምብርት በታች የማሳረፍ ልማድ ሲሆን ይህም በሚሄዱበት፣ በሚሠሩበትና በሚናገሩበት ጊዜ ሊደረግ ይችላል። ሁለተኛው ኮአን የሚባለው፣ በሐሳብ የማይፈታ ጥያቄ ነው። ሰው ጥያቄውን ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ ስለዚህ ሥራና ተመስጦ የሚለያዩበት ሰዓት አይኖርም።

በ60ዎቹ ዕድሜው ላይ ራሱ ያወጣው ኮአን የአንድ እጅ ድምፅ የሚባለው ነው። ሁለት እጆች ሲጨበጨቡ ድምፅ ይሰማል፤ የአንዱ እጅ ድምፅ ምንድን ነው? ሃኩዊን ይህን ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ሰዎች በጥያቄው የሚያዙት ከቀደሙት ኮአኖች ይልቅ በፍጥነት እንደሆነ ጽፏል። ጥያቄው ዕውቀት አይጠይቅም፤ ቻይንኛ የማያነብ ገበሬም እጁን ማየት ይችላል።

የመንደሩ ሰዎች፣ ሥዕሎቹና መዝሙሮቹ

የሾዪንጂ ደጅ ለማንም ክፍት ነበር። በ1740 ሃኩዊን ስለ ቻይናዊው መምህር ሹታንግ መጽሐፍ ትምህርት ሲሰጥ ከ400 በላይ ሰዎች ተሰበሰቡ። ትንሹ ግቢ ስላልበቃቸው ተማሪዎቹ በአካባቢው ባዶ ቤቶችና ጎጆዎች ይኖሩ ነበር። ምግቡ እጅግ ጥቂት ነበር።

ከመንደሩ ሰዎች መካከል ሳትሱ የምትባል ሴት ትታወቃለች። ልጃገረድ ሳለች የሎተስ ሱትራ ባለበት ሳጥን ላይ ተቀምጣ ስትመሰጥ አባቷ ደንግጦ ቢገሥጻት፣ በመጽሐፉና በመቀመጫዋ መካከል ምን ልዩነት አለ ብላ ጠየቀችው ይባላል። አባትየው ነገሩን ለሃኩዊን ነገረ፤ ከዚያ ጀምሮ ተማሪው ሆነች። ስታገባ አገባች፣ ልጆች ወለደች፣ አረጀች። የልጅ ልጇ ሲሞት ጮኻ ስታለቅስ አንድ ጎረቤት መጥቶ ከሃኩዊን የተማረች ሴት እንዴት እንዲህ ታለቅሳለች ብሎ ወቀሳት። ሳትሱ ዕንባዋ ለሟቹ ልጅ ከዕጣንና ከመብራት እንደሚበልጥ ነግራ አባረረችው። ከመምህሩ ትምህርት ምን እንደተረዳች ከዚህ በላይ ማሳየት አይቻልም፤ በእርሷ ዘንድ ተመስጦ ኀዘንን ማጥፊያ አልነበረም።

ሃኩዊን ለተራው ሕዝብ በተራው ሕዝብ ቋንቋ ይጽፍ ነበር። ሴቶች ዱቄት ሲፈጩ ከሚዘፍኑት ዜማ ወስዶ የትምህርት መዝሙር አድርጎታል። ሥዕልን በወጣትነቱ ትቶት ነበር፤ በእርጅናው ግን ተመለሰበት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሥዕሎችና ጽሕፈቶችም ከእርሱ ቀርተዋል። ቦዲዳርማን በትልልቅ ዓይኖች፣ ሆቴይ የሚባለውን ሆዳም ደስተኛ መነኩሴ፣ ድልድይ የሚሻገሩ ዕውሮችን፣ በውኃ ላይ ያለችውን የጨረቃ ምስል ለመያዝ የምትንጠራራ ዝንጀሮን ሣለ። ሥዕሎቹን ለጠየቀው ሁሉ ይሰጥ ነበር። ኮአኑን ለፈቱ ምእመናን የዘንዶና የከዘራ ሥዕል እንደ ምስክር ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። ታዋቂው ሠዓሊ ኢኬ ኖ ታይጋም በ1751 ከሃኩዊን ጋር ተገናኝቶ ተምሯል። የሱሩጋ ሰዎች ለግዛታቸው የሚበዙ ሁለት ነገሮች አሉ፣ አንዱ ፉጂ ተራራ ሌላው የሃራው ሃኩዊን ነው ይሉ ነበር።

የመጨረሻ ዓመታትና ውርስ

ከተማሪዎቹ ቶሬይ ኤንጂ (1721–1792) የሕይወት ታሪኩን በዓመታት ቅደም ተከተል አዘጋጅቷል። ሃኩዊን በሚሺማ የተመሠረተውን የርዩታኩጂ ቤተ መቅደስ ለእርሱ ሰጠው። ሾዪንጂን የወረሰው ደግሞ ሱይዎ ጌንሮ ነው፤ ይህ ሰው መጠጥና ጨዋታ የሚወድ፣ መቀመጥ የማይወድ፣ ከመምህሩ ርቆ የሚኖር እንግዳ ጠባይ ያለው ተማሪ ነበር። በጋሳን ጂቶ በኩል ትምህርቱ ወደ ኢንዛንና ወደ ታኩጁ ተላለፈ፤ የዛሬው የሪንዛይ የኮአን ትምህርት ቅደም ተከተል ከሁለቱ የወጣ ነው።

ሃኩዊን እስከ 80 ዓመቱ አካባቢ እየተጓዘ አስተማረ፣ የራሱንም የሕይወት ታሪክ ኢትሱማዴጉሳ በሚል ርዕስ ጻፈ። በጥር 1769 ሐኪም መጥቶ የደም ሥሩን ይዞ ምንም የተለየ ነገር እንደሌለ ሲነግረው፣ ሰው ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው የማያውቅ ሐኪም ምን ሐኪም ነው ብሎ እንደገሠጸው በሕይወት ታሪኩ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በሾዪንጂ በእንቅልፍ ላይ ሳለ አንድ ጊዜ በታላቅ ድምፅ አቃስቶ ሞተ። በጃፓን አቆጣጠር 84 ዓመቱ ነበር። ከሞተ በኋላ ከቤተ መንግሥት የክብር ስም ተሰጠው፤ በ1884 ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ሾጁ ኮኩሺ የሚል ሁለተኛ የክብር ስም ጨመሩለት። መቃብሩ በሾዪንጂ ግቢ ውስጥ ነው።